ምስሉ የት ላይ ቀረ?

(በሬዲዮ የመሠረተ ትምህርት ዝግጅት ለአዳዲስ አንባቢያን የተሰጠ ንግግር)

   በሬዲዮ የሰማችሁት ቃል አሁን በእጃችሁ ላይ ነው። ስትሰሙ ያመለጣችሁ ነገር ካለ ጣታችሁን ከቃሉ ሥር እያስኬዳችሁ ቀስ ብላችሁ አንብቡት። የሚያስቸኩል ነገር የለም። የሬዲዮ ድምፅ ያልፋል፤ ጽሑፍ ግን ቁጭ ብሎ ይጠብቃችኋል።

የዛሬው ንግግራችን ስለ ላፕቶፕና ስለ ቴሌቪዥን ነው። ላፕቶፕ ከቴሌቪዥን ጋር በገመድ ሲያያዝ በላፕቶፑ ላይ ያለው ጽሑፍና ሥዕል በትልቁ ቴሌቪዥን ላይ ይታያል። መታየት አለበት። አንዳንድ ቀን ግን አይታይም። ቴሌቪዥኑ ጨለማ ይሆናል። ያን ጊዜ ምን እናድርግ? ከየት እንጀምር? የዛሬው ጉዳያችን ይህ ነው።

«እኛ ገና ፊደል የቆጠርን ሰዎች ነን፤ ላፕቶፕ ምን ያደርግልናል?» የሚል ይኖር ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በአገራችን ሲጀመር መማሪያው ጥቁር ሰሌዳና ጠመኔ ነበር። በኩራዝና በፋኖስ ብርሃን ፊደል የቆጠሩ ብዙዎች ናቸው። ዛሬም ጥቁር ሰሌዳ አልተሻረም። ነገር ግን መብራት በገባበት አካባቢ አንዳንድ የጎልማሶች ክፍል በላፕቶፕና በቴሌቪዥን ይረዳል። ዓይናቸው የደከመ አባቶችና እናቶች ከኋላ መቀመጫ ሆነው ትልቁን «ሀ» ያያሉ። በስብሰባ አዳራሽም፣ በጤና ጣቢያም እንዲሁ ላፕቶፕና ትልቅ ስክሪን ተያይዘው ታያላችሁ። እንግዲህ ዕቃው ወደ እኛ መጥቷል። ዕቃው ከመጣ ደግሞ ጠባዩን ማወቅ የእኛ ፋንታ ነው።

አንድ ያጋጠመኝን ነገር ልንገራችሁ።

እኔ የአንደኛ ደረጃ መምህር ነኝ። ቀን ቀን ልጆችን አስተምራለሁ። በሳምንት ሦስት ቀን ደግሞ ማታ ማታ ጎልማሶችን አስተምራለሁ። ክፍላችን አንድ ላፕቶፕና አንድ ቴሌቪዥን አለው። አንድ ማክሰኞ ማታ ላፕቶፑን ከፈትኩ። ቴሌቪዥኑንም ከፈትኩ። ምስል የለም። ገመዱን ነካካሁት፤ የለም። ቴሌቪዥኑን ዘግቼ እንደገና ከፈትኩ፤ አሁንም የለም። ሠላሳ ያህል ሰው ቁጭ ብሎ ያየኛል። ላብ በላብ ሆንኩ።

በዚህ ጊዜ አንዱ ተማሪ፣ «ትናንት ክፍሉን እማማ ሲጠርጉ ገመዱ ወልቆ ነበር» አለ። ሌላው፣ «እንግዲያው ተበላሽቷላ!» አለ። ሦስተኛው፣ «የማያውቁትን ዕቃ ምን ያስነካል?» ብሎ አጉረመረመ።

እማማ የምንላቸው ከሃምሳ ዓመት በላይ የሆናቸው ተማሪያችን ናቸው። ክፍሉን የጠረጉት ማንም ሳያዛቸው ነው። ጠረጴዛው ሲንቀሳቀስ የወለቀውን ገመድ መልሰው የሰኩትም በቅንነት ነው። ያን ማታ አንገታቸውን ደፍተው ተቀመጡ። እኔም፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ዝም አልኩ። ዝምታዬ እንደ ፍርድ ተቆጠረባቸው።

ከዚያ ምን ተባለ? ቴሌቪዥኑ ቅዳሜ ዕለት በገበያ መኪና ወደ ከተማ ይላክ ተባለ። የመኪናውና የጠጋኙ ዋጋ ለደብተርና ለእርሳስ ካዋጣነው ገንዘብ ላይ ይከፈል ተባለ። ኀሙስ ማታ እማማ አልመጡም። ደብተራቸውን በልጃቸው እጅ ላኩልኝ። ልጁም፣ «እማዬ በስተርጅና ዕዳ ከምገባ ትምህርቱ ቢቀርብኝ ይሻላል ብላለች» አለኝ።

ደብተሩን ገለጥኩት። የመጨረሻው ገጽ ላይ ከ1 እስከ 20 ያሉት ቁጥሮች ተጽፈዋል። ከእነርሱም ሥር ስማቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይሳሳቱ ተጽፏል። ያን ማታ ከቴሌቪዥኑ ይልቅ ያ ደብተር አስጨነቀኝ።

በማግስቱ ወደ ቤታቸው ሄድኩ። «እማማ፣ ቴሌቪዥኑ ሳይላክ በፊት ነገ ጠዋት አብረን እንመርምረው። እባክዎ ይምጡ» አልኳቸው። እርሳቸውም፣ «መምህር፣ እኔ ስለ ዕቃው ምን አውቃለሁ?» አሉኝ። ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ ግን እንዲህ አሉ፦ «እኛ የምናውቀው የመስኖ ውኃ ነው። ማሳ ሲደርቅ ማሳውን አንቆፍርም። ቦዩን ተከትለን ውኃው የት ላይ እንደቀረ እናያለን።»

አድማጮቼ፣ የዛሬው ትምህርት ሁሉ በዚህ አነጋገር ውስጥ አለ። ላፕቶፑ ምንጭ ነው። ገመዱ ቦይ ነው። ቴሌቪዥኑ ማሳ ነው። ቴሌቪዥኑ ላይ ገመዱ የሚሰካበት ቀዳዳ ደግሞ ውኃው ወደ ማሳው የሚገባበት በር ነው። ምስሉ ከምንጩ ተነሥቶ በቦዩ አልፎ በበሩ ወደ ማሳው ይገባል። ማሳው ደረቅ ከሆነ ጥያቄው አንድ ብቻ ነው። ምስሉ የት ላይ ቀረ?

ቅዳሜ ጠዋት እማማ መጡ። ሌሎች ጥቂት ተማሪዎችም መጡ። ሥራችንን በቅደም ተከተል ጀመርን። እናንተም እንደዚሁ አድርጉ።

አንደኛ፦ መብራቱን ተመልከቱ።

ቴሌቪዥኑ ኤሌክትሪክ ያገኛል? ስፒናው ሶኬቱ ውስጥ በደንብ ገብቷል? ብዙ ዕቃ የሚሰካበት ማከፋፈያ ካለ የማከፋፈያው ማብሪያ በርቷል? በብዙ ቴሌቪዥኖች ላይ አንዲት ትንሽ መብራት አለች። እርስዋ ከበራች ኤሌክትሪክ ደርሷል ማለት ነው። ላፕቶፑስ? ባትሪው አልቆ ተኝቶ እንዳይሆን። ላፕቶፑ ራሱ ካልበራ ምንጩ ደርቋል። ምንጩ ከደረቀ ቦዩን መመርመር ከንቱ ድካም ነው።

የእኛ ላፕቶፕ በርቶ ነበር። ቴሌቪዥኑም በርቶ ነበር። ስለዚህ ወደ ሁለተኛው አለፍን።

ሁለተኛ፦ ቴሌቪዥኑ የሚለውን አንብቡ።

ምስል የሌለው ቴሌቪዥን ሁልጊዜ ዝም አይልም። ብዙ ጊዜ አንድ አጭር ጽሑፍ ያሳያል። ጽሑፉ በላቲን ፊደል ነው፤ ሲነበብ «ኖ ሲግናል» ይላል። ትርጉሙ «ምንም ነገር አልደረሰኝም» ማለት ነው። ብዙ ሰው ይህንን ጽሑፍ ሲያይ «ተበላሸ!» ብሎ ይደነግጣል። ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። ይህ ጽሑፍ መልካም ዜና ነው። ቴሌቪዥኑ እኮ እየተናገረ ነው! «እኔ ደኅና ነኝ፤ በሬ ላይ ሆኜ እየጠበቅሁ ነው፤ ውኃው ግን አልመጣም» ማለቱ ነው።

እኔ ማክሰኞ ማታ ይህንን ጽሑፍ አይቼዋለሁ። ግን አላነበብኩትም። ማየትና ማንበብ ሁለት ነገር መሆኑን ለተማሪዎቼ ስነግር የኖርኩ ሰው፣ ራሴ ደንግጬ ዘነጋሁት።

ሦስተኛ፦ ቁጥሩን አስተያዩ።

አሁን ልብ በሉ። ቴሌቪዥን ብዙ ጊዜ አንድ በር ብቻ የለውም። ከጀርባው ወይም ከጎኑ ሁለት ወይም ሦስት ተመሳሳይ ቀዳዳዎች ይኖሩታል። ቀዳዳዎቹ ኤችዲኤምአይ ይባላሉ። ቅርጻቸው አንድ ነው። የሚለዩት አጠገባቸው በተጻፈው ቁጥር ነው፦ 1፣ 2፣ 3። ቴሌቪዥኑ በአንድ ጊዜ የሚመለከተው አንዱን በር ብቻ ነው። ገመዱ በ2 ገብቶ ቴሌቪዥኑ ደግሞ በ1 በኩል ቢጠብቅ አይገናኙም። እንግዳው በጓሮ በር ቆሞ እያንኳኳ፣ ባለቤቱ በፊት ለፊት በር ላይ ሲጠብቅ እንደ ማለት ነው።

ቴሌቪዥኑ በየትኛው በር እንደሚጠብቅ ራሱ ይናገራል። ሲከፈት፣ ወይም «ኖ ሲግናል» ሲል፣ አብዛኛውን ጊዜ በስክሪኑ ጥግ ላይ የበሩን ስምና ቁጥር ያሳያል።

እማማ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ሄዱ። ጎንበስ ብለው ገመዱ የተሰካበትን ቦታ ተመለከቱ። የላቲኑን ፊደል አያውቁትም። ጣታቸውን ግን ቁጥሩ ላይ አሳረፉ።

«መምህር፣ እዚህ 2 ይላል» አሉ።

ቀጥለው ወደ ፊት ለፊት መጡ። የስክሪኑን ጥግ ለረጅም ጊዜ አዩት።

«እዚህ ደግሞ 1 ይላል። ቁጥሩ ለምን ተለያየ?»

አድማጮቼ፣ የሁሉም ነገር መልስ ይህ ነበር። ገመዱ ድሮ በ1 ነበር። እማማ መልሰው ሲሰኩት በ2 አስገቡት። ቀዳዳዎቹ አንድ ዓይነት ስለሆኑ ማንም ሰው እንዲሁ ሊያደርግ ይችል ነበር። ምንም የተሰበረ ነገር አልነበረም። ምንም የተበላሸ ነገር አልነበረም።

ሪሞቱን አነሣን። በሪሞት ላይ በሩን የሚቀይር ቁልፍ አለ። «ሶርስ» ወይም «ኢንፑት» ይባላል። በብዙ ሪሞት ላይ ምልክቱ ወደ አራት ማዕዘን ውስጥ የሚገባ ቀስት ነው። ቁልፉን ተጭነን በዝርዝሩ ላይ 2ን መረጥን። ትንሽ ጠበቅን። ሀ ሁ ሂ ሃ ሄ ህ ሆ ስክሪኑን ሞልቶ ወጣ።

በክፍሉ ውስጥ የነበሩት አጨበጨቡ። እኔ ግን ወዲያው አላጨበጨብኩም። መጀመሪያ የማደርገው ነገር ነበረኝ። «እማማ፣ ማክሰኞ ማታ ዝም ያልኩት በድያለሁ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኳቸው፣ በተማሪዎቹ ፊት። እርሳቸውም፣ «ይቅርታውስ ይሁን። ደብተሬን ይመልሱልኝ» አሉኝ። መለስኩላቸው።

እሺ፣ የእኛ ችግር በቁጥሩ ተፈታ። የእናንተ ግን በቁጥሩ ላይፈታ ይችላል። ስለዚህ ቦዩን ተከትለን እንቀጥል።

አራተኛ፦ የገመዱን ሁለት ጫፎች መርምሩ።

ገመድ ሁለት ጫፍ አለው። አንዱን አይቶ ሌላውን መርሳት የተለመደ ስሕተት ነው። መጀመሪያ ሁለቱንም ነቅላችሁ ጫፋቸውን እዩ። አቧራ አለ? የተጣመመ ነገር አለ? ከዚያ መልሳችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ሰኩ። ጫፉ አልገባ ካለ በጉልበት አትግፉት። የኤችዲኤምአይ ጫፍ አንድ ወገኑ ሰፋ ያለ፣ ሌላው ወገኑ ጠበብ ያለ ነው። ገልብጣችሁ ከያዛችሁት አይገባም። አዙራችሁ ሞክሩ። በዚያች ትንሽ ጫፍ ውስጥ 19 ቀጫጭን የብረት መገናኛዎች አሉ። ጉልበት ያጣምማቸዋል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለ?

የገመድ ዓይነትም ልዩ ልዩ ነው። ሦስቱን እንወቅ።

የመጀመሪያው ቪጂኤ የሚባለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣ የቆየ ዓይነት ነው። ጫፉ ብዙ ጊዜ ሰማያዊ ሲሆን በሁለት ጎኑ በጣት የሚጠበቁ ብሎኖች አሉት። 15 ቀጫጭን ፒኖችን የሚይዝ በሦስት ረድፍ ነው። በአንዳንድ ገመድ ላይ ከ15ቱ አንዷ ሆን ተብላ አትሠራም፤ ስለዚህ አንዲት ቦታ ባዶ ብታዩ የግድ ተሰብሯል አትበሉ። ነገር ግን ፒን ከተጣመመ፣ ወይም ብሎኑ ላልቶ ጫፉ ካዘነበለ፣ ምስሉ ቢጫ ወይም ሮዝ ሊመስል ይችላል። ቀለም ጎደለ ማለት ነው። ቪጂኤ ምስል እንጂ ድምፅ አያስተላልፍም።

ሁለተኛው ያው ኤችዲኤምአይ ነው። የመጀመሪያው ደንቡ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። ምስልንም ድምፅንም በአንድ ገመድ ያስተላልፋል። ስለዚህ ገመዱ ሲሰካ የላፕቶፑ ድምፅ ጠፍቶ በቴሌቪዥኑ በኩል ቢሰማ አትደንግጡ። ድምፁ ተዛወረ እንጂ አልጠፋም።

ሦስተኛው ዩኤስቢ ሲ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ነው። ትንሽና ጫፉ ክብ ያለ ስለሆነ በየትኛውም ወገን ቢገለበጥ ይገባል። ነገር ግን አንድ ጉድ አለው። ቀዳዳው በሁሉም ላፕቶፕ አንድ ቢመስልም ሁሉም ምስል አያስተላልፍም። አንዳንዱ ባትሪ ለመሙላትና ፋይል ለማዛወር ብቻ ነው። ገመዱ ገብቶ ምስል ካልመጣ ላፕቶፑ በዚያ ቀዳዳ ምስል ይሰጥ እንደሆነ በመመሪያ መጽሐፉ ላይ አስነብቡ።

ላፕቶፑና ስክሪኑ የተለያየ ቀዳዳ ካላቸው መካከላቸው ኮንቨርተር ይገባል። ኮንቨርተር እንደ አስተርጓሚ ነው። ግን አብዛኛው ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው የሚተረጉመው። ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ የሚቀይረው ተገልብጦ ከቪጂኤ ወደ ኤችዲኤምአይ አይቀይርም። ስትገዙ ላፕቶፓችሁ የትኛው ቀዳዳ እንዳለው፣ ስክሪናችሁስ የትኛው እንዳለው በወረቀት ጽፋችሁ ለባለ ሱቁ አሳዩት።

አምስተኛ፦ ላፕቶፑን እዘዙት።

አንዳንድ ጊዜ ገመዱም ቁጥሩም ደኅና ሆኖ ላፕቶፑ ራሱ ምስሉን አልለቀቀም። ምንጩ ተገድቧል። በዊንዶውስ የሚሠራ ላፕቶፕ ከሆነ መክፈቻው ቀላል ነው። ከኪቦርዱ በታችኛው ረድፍ፣ በስተግራ በኩል፣ የመስኮት ሥዕል ያለበት ቁልፍ ፈልጉ። አራት ክፍል ያለው መስኮት ነው። እርሱን ተጭናችሁ ሳትለቁ «ፒ» የሚባለውን የላቲን ፊደል አንድ ጊዜ ተጫኑ። ፊደሉን ባታውቁት ቁጥር ይምራችሁ። ከላይኛው ረድፍ ቁጥር 0ን ፈልጉ፤ ከእርሱ በታች ትንሽ ወደ ቀኝ ያለው ፊደል እርሱ ነው።

አራት ምርጫዎች ይወጣሉ።

1. ምስሉ በላፕቶፑ ላይ ብቻ ይቅር።
2. በሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ምስል ይታይ።
3. ትልቁ ስክሪን የላፕቶፑ ተጨማሪ ሜዳ ይሁን።
4. ምስሉ በትልቁ ስክሪን ላይ ብቻ ይታይ።

ለክፍልና ለስብሰባ 2ኛው ይበቃል። 3ኛው ከተመረጠ ቴሌቪዥኑ ላይ ባዶ ሥዕል ብቻ ይመጣና የላፕቶፑ ጽሑፍ ግን አይታይም። ይህም ብልሽት አይደለም፤ ምርጫ ነው። 1ኛው ከተመረጠ ደግሞ ቴሌቪዥኑ ምንም አይደርሰውም።

አንዳንድ ጊዜ ስክሪኑ «ኖ ሲግናል» ሳይሆን ሌላ ጽሑፍ ያወጣል። «ይህ ከአቅሜ በላይ ነው» የሚል ዓይነት ነው። ምስል የሚሠራው ከጥቃቅን ነጥቦች ነው። ላፕቶፑ ስክሪኑ ከሚችለው በላይ ነጥብ ከላከ ስክሪኑ አይቀበለውም። በዚህ ጊዜ የላፕቶፑን የስክሪን ማስተካከያ የሚያውቅ ሰው የነጥቡን ብዛት ይቀንስላችሁ። የቆየ ስክሪን ከሆነ በአግድም 1024፣ ወደ ታች 768 ብዙ ጊዜ ይስማማዋል።

ስድስተኛ፦ ሁሉንም አጥፍታችሁ እንደገና ጀምሩ።

ላፕቶፑንም ቴሌቪዥኑንም አጥፉ። የቴሌቪዥኑን ስፒና ንቀሉ። አንድ ደቂቃ ጠብቁ። ገመዱን በደንብ ሰኩ። መጀመሪያ ቴሌቪዥኑን፣ ቀጥሎ ላፕቶፑን ክፈቱ። ሁለቱ እንደገና ሲተያዩ የተወናበደው ነገር ይስተካከል ይሆናል።

ሰባተኛ፦ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ።

እስካሁን ካልሠራ ከጎረቤት ክፍል ሌላ ገመድ ተዋሱ። ገመዱን ብቻ ለውጡ። ሠራ? ጥፋቱ የገመዱ ነው። አልሠራም? የድሮውን ገመድ መልሱና ቴሌቪዥኑን ብቻ ለውጡ። ከዚያም ላፕቶፑን። ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ከለወጣችሁ ምስሉ ቢመጣም የትኛው እንደነበረ አታውቁም። የሞከራችሁትንም በደብተራችሁ ላይ ጻፉ፦ «ገመድ ተለወጠ፤ አልሠራም።» ይህች አንዲት መስመር ጠጋኙ ዘንድ ስትሄዱ ጊዜና ገንዘብ ታተርፍላችኋለች።

እንግዲህ ጥቂት ማስጠንቀቂያ ልጨምር። በእርጥብ እጅ ስፒና አትንኩ። ሽቦው የተላጠ ገመድ አትጠቀሙ። የቴሌቪዥኑን የጀርባ ክዳን ፈታችሁ ውስጡን አትንኩ፤ ስፒናው ከተነቀለ በኋላም ውስጡ የሚጎዳ ኤሌክትሪክ ሊቀር ይችላል። ያ የባለሙያ ሥራ ነው። ነጎድጓድና መብረቅ ሲሆን ስፒናውን አስቀድማችሁ ንቀሉ። መብራት ሲጠፋም እንዲሁ ንቀሉ፤ ሲመለስ ጥቂት ደቂቃ ጠብቃችሁ ሰኩ።

አድማጮቼ፣ አንባቢዎቼ፣ ወደ ፍጻሜው ደርሰናል።

አንድ ዕቃ አልሠራ ሲል ሁለት ጥያቄ መጠየቅ እንችላለን። አንደኛው፣ «ማን አበላሸው?» የሚል ነው። ሁለተኛው፣ «የት ላይ ነው የተቋረጠው?» የሚል ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ በእኛ ክፍል አንዲት እናትን ከትምህርት ገበታ ሊያስቀር ነበር። የደብተርና የእርሳስ ገንዘባችንንም ለደኅና ቴሌቪዥን ማመላለሻ ሊያስወጣን ነበር። ሁለተኛው ጥያቄ ግን ጥቂት ደቂቃዎችና ሁለት ቁጥሮች ብቻ ነው የፈለገው።

ደግሞ ይህንን አስቡ። ጥያቄውን የመለሰው የመምህሩ ዕውቀት አልነበረም። 1ን ከ2 መለየት የተማሩ እናት ናቸው የመለሱት። «የተማርኩት ገና ጥቂት ነው» አትበሉ። የተማራችሁትን ጥቂት ነገር በቦታው ላይ አውሉት።

ዛሬ በክፍላችን ቴሌቪዥን ጀርባ፣ ገመዱ ከሚገባበት ቀዳዳ አጠገብ፣ አንዲት ቁራጭ ወረቀት ተለጥፋለች። «2» ተብሎ ተጽፎባታል። ሪሞቱ ላይም ሌላ ወረቀት አለች፤ እርስዋም ላይ «2» አለ። የጻፉት እማማ ናቸው። አሁን ክፍሉን ማንም ይጥረግ፣ ገመዱም ይውለቅ፣ የሚፈራ ሰው የለም። መልሶ የሚሰካበትን ያነባል።

ካነበባችሁ በኋላ እነዚህን ጥያቄዎች መልሱ። መልሱን በደብተራችሁ ጻፉት።

1. ላፕቶፑ ምንጭ ከሆነ ገመዱ ምንድን ነው?
2. «ኖ ሲግናል» ማለት ምን ማለት ነው? ቴሌቪዥኑ ተበላሽቷል ማለት ነውን?
3. ገመዱ በ3 ተሰክቶ ቴሌቪዥኑ 1 ቢል ምን ታደርጋላችሁ?
4. ገመድንና ቴሌቪዥንን በአንድ ጊዜ መለወጥ ለምን አይጠቅምም?
5. በቤታችሁ ወይም በሰፈራችሁ ቴሌቪዥን ካለ ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ የቀዳዳዎቹን ቁጥር አንብቡ። ስንት አገኛችሁ?

በሉ እንግዲህ፣ በሚቀጥለው ዝግጅት እስክንገናኝ ድረስ ደኅና ሁኑ። ያነበባችሁትን ለጎረቤት አንብቡለት።